ባቄላ ሲያብብ የመርጫው ሰዓት ይታሰብበት

ለዝግጅት ክፍሉ፦

በደሴ ዙሪያም ሆነ በኩታበር ባቄላው አበባ ላይ እያለ ጠዋት ፀረ-ተባይ የሚረጭ ገበሬ አይጠፋም። ሰዓቱ ግን አይሆንም። የባቄላ አበባ በአብዛኛው የሚፈካው ከቀትር በኋላ ነው፤ ንቧም የምትደርሰው ያኔ፣ መድኃኒቱ ገና ትኩስ ሳለ ነው። ወዲያው ከሞተች ጉዳቱ በእሷ ያበቃል። የከፋው የዱቄት መድኃኒት ነው፤ ከአበባው ብናኝ ጋር ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ ቀፎ ይገባና እጩን፣ ማለትም ገና ንብ ያልሆነውን ትል መሳይ ግልገል፣ ይፈጃል። ቀፎው ደጃፍ ላይ ምላሳቸውን አውጥተው የወደቁ ንቦች ክምር ካዩ በሽታ ነው ብለው አይለፉት።

ማገገሙም ቀላል አይደለም። እንቁላል ሠራተኛ ንብ እስኪሆን 20 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ ለቀሰም እስክትወጣ ደግሞ ሌላ 3 ሳምንት ያህል። ነሐሴ መጨረሻ የተመታ ቀፎ ሲያንሰራራ አደይ አበባው እያለፈ ነው፤ የጥቅምት ማርም አብሮ ይቀራል።

መርጨት ግድ ከሆነ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ይሁን። ንብ ያላቸው ጎረቤቶች ከዋዜማው ይነገራቸው፤ ንብ 3 ኪሎ ሜትር ርቃ ትቀስማለችና ጎረቤት ማለት ኩታ ገጠም ብቻ አይደለም። ቀፎ የሚዘጋ ሰው መግቢያውን በጭቃ አይድፈነው፣ ታፍነው ያልቃሉ። በሽቦ ወንፊት ጋርዶ ጥላ ያድርግለት፤ በማግስቱ ይክፈተው።

ክሽክሽ፣ ማለትም የባቄላውን ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ፣ ጥቂት ግንድ ላይ ብቻ ከታየ ጫፉን ቀጥፎ መቅበር ይበቃል። ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛ እዚያው ካለች ደግሞ አትንኳት፤ ክሽክሹን የምትበላው እሷ ናት።

ከደሴ፣ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ