ቃጫና የሃይላንድ ክዳን፦ የሳይንስ ክበባችን የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ዘንድሮ ክበባችን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዞ ከረመ። አሮጌ ፕላስቲክ ቀልጦ እንደገና ሲሠራ ይልፈሰፈሳል። በምን ይጠንክር? ባለፉት ዓመታት በየወሩ ሙከራ እንቀያይር ነበር። ልጆቹ ያያሉ፣ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ ይረሱታል። በዚህ ዓመት ግን ከጥቅምት እስከ ሰኔ አንዱ ላይ ሙጭጭ አልን። ደግ አደረግን እላለሁ።

ነገሩን የጀመረችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። መስቀልን ጉራጌ አገር አያቷ ዘንድ ውላ ስትመለስ በፌስታል የእንሰት ቃጫ ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ገመድ ሆኖ በሬ የሚያስር ከሆነ ፕላስቲክ ውስጥ ቢገባስ?» አለችኝ። ጥያቄዋ መኪና አምራቾችም የጠየቁት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የመርሴዲስ ኤ ክላስ የትርፍ ጎማ ማስቀመጫ ሽፋን የተሠራው አባካ ከሚባል ተክል ቃጫና ፖሊፕሮፒሊን ከሚባል ፕላስቲክ ነበር። አባካ ፊሊፒንስ ውስጥ የሚበቅል የሙዝ ዘመድ ነው። የእኛው እንሰትም የዚያው ቤተሰብ ነው። ይህን ስነግራቸው፣ እንሰት ጓሮ ያደጉ ልጆች ፊታቸው እንዴት እንደበራ አልረሳውም። ቃጫ ለእነሱ ቆጮ ሲፋቅ የሚተርፍ ነገር ነበር።

ፕላስቲኩን መለየት ቀላል ሆነልን። ግቢያችን ውስጥ የወደቀውን ሃይላንድ ሁሉ ሰብስበን ቆራረጥንና ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመርነው። ጠርሙሱ ሰመጠ፤ ክዳኑ ተንሳፈፈ። ጠርሙሱ ፔት (PET) ከሚባል ፕላስቲክ ስለተሠራ ከውሃ ይከብዳል። ክዳኑና ቢጫው ጄሪካን ግን ፖሊኢትሊን የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ወገን ስለሆኑ ይቀልላሉ። ለእኛ የሚሆነው የተንሳፈፈው ነው። ጄሪካን 130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ፔት ግን 250 ገደማ ይፈልጋል፤ ቃጫ ደግሞ 200 ካለፈ ማረር ይጀምራል። የሰመጠውን ለቆራሌው ሰጠን።

ማቅለጫችን አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ከቤት ውጭ፣ ዳሱ ሥር፣ ቴርሞሜትር ተክለን እንሠራ ነበር። የኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋንና የውሃ ቧንቧ ቁራጭ ወደዚያ እንዳይጠጋ ከልክያለሁ፤ የሚሠሩበት ፒቪሲ የሚባል ፕላስቲክ ሲግል መርዛማ ጭስ ያወጣል። የቀለጠውን ቅባት በተቀቡ ሁለት ላሜራዎች መሃል አድርገን በመኪና ክሪክ እንጫነዋለን። የብረት ፍሬሙን የበየደልን ሠፈራችን ያለ ብየዳ ቤት ነው። ገንዘብ አልተቀበለንም።

የመጀመሪያው ሳንቃ አሳዘነን። ቃጫውን እንዳለ ከትፈን ቀላቀልነው። ሲታይ ያምራል። ስንሰብረው ግን ቃጫው ከፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ፀጉር ተመዝዞ ወጣ፤ ቦታው ላይ ባዶ ቀዳዳ ቀረ። በማጉያ መነጽር ተራ በተራ አየነው። አልተያያዙም ነበር፤ አንዱ ሌላው ውስጥ ተኝቶ ነበር እንጂ።

ታኅሣሥ ላይ የልጅቷ አያት አዲስ አበባ መጥተው ስለነበር ክበባችን ጋበዛቸው። እማማ ቃጫውን በጣታቸው እያሹ ነጩና ረጅሙ ጥሩ እንደሆነ፣ ቡናማውና ሻካራው ግን በደንብ እንዳልተፋቀ አሳዩን። ገመድ ሲገመድ ቃጫው ውሃ እንደሚነካካም ነገሩን፤ «ቃጫ ውሃ ይወዳል» አሉ። እኔ ሁለት ክፍለ ጊዜ የፈጀብኝን ትምህርት እሳቸው በሦስት ቃል ጨረሱት። ችግራችን እኮ ያው ነበር። ቃጫ ውሃ ይወዳል፤ ፕላስቲክ ደግሞ የነዳጅ ልጅ ስለሆነ የዘይት ወገን ነው። ዘይትና ውሃ አይዋደዱም።

መፍትሔው ኮስቲክ ሶዳ ነው። ጆን መርሰር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1850 ጥጥን በዚሁ ነገር የማከም ዘዴ የፈጠራ መብት አግኝቶበታል። ሶዳው የቃጫውን ገጽ የሸፈነውን ሰም፣ እንዲሁም ሊግኒንና ሄሚሴሉሎስ የሚባሉትን የተክሉን ማጣበቂያ ነገሮች ያጥባል። ገጹ ይሻክራል፣ ፕላስቲኩም የሚይዘው ያገኛል። 5 በመቶ የሆነ ውህድ ውስጥ ለ4 ሰዓት ዘፈዘፍነው። ሶዳውን የምበጠብጠው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ጓንትና መከላከያ መነጽር አድርጌ፣ በፕላስቲክ ባልዲ። ሁልጊዜ ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል፣ ውሃው ወደ ሶዳው በፍጹም። የአሉሚኒየም ድስትም አይነካም፤ ሶዳው ብረቱን ይበላዋል። ከዚያ ቃጫውን ደጋግመን አጠብን። መጨረሻ ላይ ጥቂት አቼቶ ያለበት ውሃ ውስጥ ነክረን ሶዳው መልቀቁን በሊትመስ (ቀለሙን በሚቀይር መመርመሪያ) ወረቀት አረጋገጥን። አንዱ ቡድን «ቢበዛ ይሻላል» ብሎ በ10 በመቶ ሞክሮ ነበር። ቃጫው በእጅ ሲጎተት ብጥስ ይል ጀመር። ሶዳ ሲበዛ ለቃጫው ጥንካሬ የሚሰጠውን ሴሉሎሱን ራሱን ይጎዳል።

የካቲት ላይ ሌላ ነገር ገጠመን። ሳንቃዎቹ አረፋ ሞልቷቸው ወጡ። ሁለት ሳምንት ምክንያቱን ፈለግን። ለካ ቃጫው የደረቀ ቢመስልም እርጥበት ይዞ ኖሯል፤ ምጣዱ ላይ ሲደርስ እንፋሎት ይሆናል። ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ሰጥተን፣ ሊገባ ሲል ደግሞ ምጣዱ ላይ በለስላሳ ሙቀት እናደርቀዋለን።

ጥንካሬውን የለካነው በሁለት ብሎኬትና በጄሪካን ነው። ቁራጩን ብሎኬቶቹ ላይ አጋድመን መሃሉ ላይ ባዶ ጄሪካን እናንጠለጥላለን፤ ከዚያ ውሃ በሊትር እየለካን እንጨምራለን። ባዶው ፕላስቲክ ጎብጦ መሬት ነካ። ያልታከመ ቃጫ ያለበት ተሻለ፣ ግን በድንገት ተሰበረ። የታከመው ባለ 20 ሊትሩ ጄሪካን ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ተሸከመ። ግቢው በጩኸት ተናጋ። እኔን ያስደሰተኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ሳልነግራቸው ስባሪውን አንስተው ማጉያ መነጽሩን ፈለጉ። ቃጫዎቹ ተበጥሰዋል እንጂ አልተመዘዙም፤ ጫፋቸው ላይ ፕላስቲክ ተጣብቋል። «ቲቸር፣ ያዘው!» አለ አንዱ።

ግንቦት ላይ ለቤተ መጻሕፍቱ ሦስት ዱካዎች ሠርተን አስረከብን። እግራቸው እንጨት ነው፣ መቀመጫቸው የእኛ ሳንቃ። ለትናንሽ ተማሪዎች ነው የታሰቡት፤ የ1ኛ ክፍል ልጆች ተሻምተውባቸዋል።

አንድ ጥያቄ ግን አልተመለሰልንም። የታከመው ቃጫ ፕላስቲክ ውስጥ ሆኖም ውሃ ይጠጣል ወይ? ሰኔ ላይ ከታከመውም ካልታከመውም ቁራጭ መዝነን ውሃ ውስጥ ነክረናቸዋል። መስከረም ላይ እንደገና እንመዝናቸዋለን። ባልዲው ቤተ ሙከራው መስኮት ሥር ነው። ክረምቱን ግቢ የምትገቡ ሁሉ፣ አደራ፣ እንዳይደፋ።