ቁጥሩን ሸምድደው ድንጋዩን ሳያዩ፦ ለትምህርት ሚኒስትሩ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የትምህርት ሚኒስትር
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የጥንት ሥልጣኔዎችና ቅርሶች የሚሰጡበትን መንገድ ይመለከታል

ክቡር ሚኒስትር፣

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። የምጽፍልዎት ስለ ደመወዝ አይደለም። እሱም ደብዳቤ አያንሰውም፣ ግን ሌላ ቀን ይሁን። የዛሬው ጉዳዬ ድንጋይ ነው።

ዘጠነኛ ክፍል የገባ ልጅ የታሪክ መጽሐፉን ሲገልጥ ግብፅን፣ ሜሶፖታሚያን፣ ግሪክንና ሮምን ያገኛል። ከዚያ ዳማት ይመጣል፣ አክሱም ይከተላል፣ ዛጉዌ ይቀጥላል። በቅደም ተከተሉ ቅሬታ የለኝም። የሚያሳስበኝ ልጁ ከዚህ ሁሉ ምን ይዞ እንደሚወጣ ነው። ትልቁ የአክሱም ሐውልት ስንት ሜትር ነው? 33። ላሊበላ ስንት አብያተ ክርስቲያናት አሉት? 11። ታላቁን ፒራሚድ ማን አሠራው? ኩፉ። አለቀ። ፈተናው ባለፈ በሳምንቱ ቁጥሩም ከጭንቅላት ይወጣል።

አክሱምን ብቻ እንይ። ትልልቆቹን ቅርጽ ያላቸው ሐውልቶች ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተጠረቡ ናቸው፣ መልካቸው ግን የቤት ነው። ከታች በር አለ። በሩ ላይ መቆለፊያው ሳይቀር ተቀርጿል። ከበሩ በላይ መስኮቶች ፎቅ በፎቅ ተደርድረዋል። በየፎቁ መሀል ደግሞ ክብ ክብ ጉጦች ወጣ ወጣ ብለው ይታያሉ። ባለሙያዎች «የጦጣ ራስ» ይሏቸዋል። ታዲያ ድንጋይ ላይ ጉጥ ምን ይሠራል? መልሱ ደብረ ዳሞ አለ። የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ድንጋይና እንጨት እያፈራረቀ የተሠራ ነው። ግድግዳውን ሰንጥቀው የሚያልፉት እንጨቶች ጫፋቸው ወደ ውጭ ብቅ ይላል። የአክሱም ጠራቢዎች በዓይናቸው ያዩትን ቤት ነው ድንጋይ ላይ ያስቀመጡት። ቤቶቹ ፈርሰው አልቀዋል፤ አሠራራቸው ግን ሐውልቱ ላይ ይነበባል።

ይህን ለተማሪ ሲነግሩት ክፍሉ ዝም ይላል። ከዚያ የጥያቄ መዓት ይወርዳል። 33 ሜትር የሚለው ቁጥር ግን አንድም ጥያቄ አስነስቶ አያውቅም።

ድንጋዩ ከየት እንደመጣም ይታወቃል። ከከተማው በስተ ምዕራብ 4 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ጎቦድራ የሚባል ኮረብታ አለ። ዓለቱ ላይ በመስመር የተደረደሩ የሽብልቅ ጉድጓዶች እስከ ዛሬ አሉ። ተጀምሮ ሳይፈለጥ የቀረ ድንጋይም አለ። ትልቁ ሐውልት 520 ቶን እንደሚመዝን ይገመታል። በእኛ አቆጣጠር 5,200 ኩንታል ነው። 400 ኩንታል የሚጭኑ ባለተሳቢ ሲኖትራኮች 13 ሆነው ቢሰለፉ ነው የሚያነሱት። ሞተር በሌለበት ዘመን ማን ጎተተው? ሠራተኛውን ማን ቀለበው? ለምንስ ወደቀ? ብዙ ተመራማሪዎች ሲተከል ወይም ከተተከለ ብዙም ሳይቆይ ሳይወድቅ አይቀርም ይላሉ። እኔ ብጠየቅ የአክሱምን ምዕራፍ ከዚህ ውድቀት እጀምረው ነበር። ፊዚክስ የምታስተምረው ባልደረባዬም ስለ ክብደት ማዕከል ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አታገኝም።

ጎኑ ያለው 24 ሜትሩ ሐውልት ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ፋሺስት ጣልያን በ1937 እ.ኤ.አ. ሮም ወስዶ አቆመው። በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሰላም ውል ጣልያን የዘረፈችውን ለመመለስ ቃል ገብታ ነበር። ሐውልቱ የተመለሰው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ሦስት ቦታ ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መጣ። ተተክሎ የተመረቀው በ2000 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጡት ልጆች ያኔ አልተወለዱም። ሰው አደባባይ ወጥቶ እልል ያለበትን ነገር እነሱ እንደ ሩቅ ወሬ ነው የሚሰሙት።

ክቡር ሚኒስትር፣ «እንዴት ተሠራ?» የሚለውን እኛ ካልመለስን ቲክቶክ ይመልሰዋል። እየመለሰም ነው። «መምህር፣ ፒራሚዱን የሠሩት ኤልየኖች ናቸው አይደል?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አላጣም። ልጁ አይፈረድበትም። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፣ የጠየቀው ስልኩን ስለሆነ ነው እንጂ።

ለዚህ ልጅ ስለ መረር እነግረዋለሁ። መረር በንጉሥ ኩፉ ዘመን የጀልባ ሠራተኞች አለቃ ነበር። ከዛሬ 4,500 ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. በግብፅ የቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል ጃርፍ በሚባል ቦታ፣ የሥራ መዝገቡ በፓፒረስ ላይ ተጽፎ ተገኘ። ጽሑፍ ካለባቸው ፓፒረሶች ሁሉ እስከ ዛሬ ከተገኙት የጥንቶቹ ናቸው። መረር የጻፈው ስለ አማልክት አይደለም። ዛሬ ቱራ ድንጋይ ጫንን፣ ዛሬ አደርን፣ ዛሬ ጊዛ ደረስን ዓይነት ነገር ነው። ነጩን የኖራ ድንጋይ ቱራ ከሚባለው የድንጋይ ካባ በአባይ ላይ ጭነው ወደ ፒራሚዱ ያመላልሳሉ። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ። ጊዛ ላይ ደግሞ የሠራተኞቹ መኖሪያ ሠፈር ተቆፍሮ ወጥቷል። ዳቦ የጋገሩበት ቦታ፣ የበሏቸው ከብቶች አጥንት፣ መቃብራቸው ሳይቀር ተገኝቷል። ኤልየን ደግሞ ዳቦ አይጋግርም። እዚህ ላይ ክፍሉ ይስቃል፣ ክርክሩም ያልቃል።

ስለ ላሊበላ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መላእክት አግዘውታል የሚለው የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ነው፤ ትውፊቱን ለመንካት የሚዳዳኝ ሰው አይደለሁም። ግን ዓለቱ ከላይ ወደ ታች እንደተፈለፈለ፣ ዙሪያው መጀመሪያ በቦይ እንደተቆረጠ፣ የዝናብ ውኃ የሚወርድበት መንገድ አብሮ እንደታሰበ ለልጆች ማሳየት ለእምነት ስድብ አይሆንም። ለጠራቢዎቹ ክብር ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አክሱም ከአዲስ አበባ በመኪና ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ላሊበላም ቅርብ አይደለም። የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ በአውሮፕላን ይሂድ ብዬ አላሾፍም። ግን የቡታጅራን መንገድ ያስቡት። ከከተማ ወጥተው ወደ 50 ኪሎ ሜትር ሲነዱ መልካ ቁንጥሬ ይደርሳሉ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ባልጪት ከሚባለው ቦታ ጋር በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ነው። የጥንት ሰዎች ከባልጩት የሠሯቸው መሣሪያዎች እዚያው ተቆፍረው ወጥተዋል። ከዚያ አለፍ ብሎ አዳዲ ማርያም አለች። ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ላሊበላን ማየት ያልቻለ ልጅ ነገሩ ምን እንደሚመስል እዚያ ይገባዋል። ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ደግሞ ቲያ ይመጣል። በጠዋት የተነሳ አውቶቡስ ሦስቱንም አሳይቶ ማታ ልጆቹን ቤታቸው ያደርሳል።

ቲያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ለክፍሌ ከአክሱም በላይ የሚጠቅመኝ እሱ ነው። የትክል ድንጋዮቹ 36 ናቸው፤ 32ቱ ቅርጽ አላቸው። ጎራዴ በብዛት ተቀርጾባቸዋል። ክብ ምልክቶች አሉ፣ ቅጠል የሚመስል ነገርም አለ፤ ትርጉሙን በእርግጠኝነት የፈታው የለም። አስጎብኚዎቹ የጎራዴው ቁጥር ጀግናው የገደላቸውን ጠላቶች ያሳያል ይላሉ። የአካባቢው ሰው ደግሞ እንዲህ ያሉትን ድንጋዮች «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ግራኝ አሕመድ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ነው። ድንጋዮቹ ሥር የተቆፈሩት መቃብሮች ግን ከእሱ ዘመን በመቶዎች ዓመታት ይቀድማሉ። አየህ፣ አንድ ሜዳ ላይ የአፍ ታሪክ፣ የአስጎብኚ ትርጓሜና የቁፋሮ ማስረጃ ተገናኙ። እነዚህ ሲጋጩ ምን ይደረጋል? የታሪክ ትምህርት ማለት እኮ ይህ ጥያቄ ነው። (ይቅርታ ክቡር ሚኒስትር፣ «አየህ» ያልኩት ከክፍል ያመጣሁት አመል ነው።)

ሁሉም ከተማ ቲያ የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ከሚታሰበው በላይ ብዙ አለ። ጎንደር ያለ ልጅ የፋሲል ግንብ ደጁ ነው። ሐረር ያለው በጀጎል በር እየገባና እየወጣ ነው የሚያድገው። የጌዴኦ ልጆች በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መልክዓ ምድር ውስጥ ይኖራሉ፤ ትክል ድንጋዩም እዚያው ነው። ኮንሶ እርከኑ አለ። ጅማ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ዬሓ አጠገብ የሚማር ልጅ ያለ ማያያዣ ጭቃ የተካበ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት የተሠራ ግድግዳ በእጁ መዳሰስ ይችላል። ምንም የሌለው ሠፈር እንኳ አንድ አሮጌ መስጊድ ወይም አንድ የድሮ ድልድይ አያጣም።

ታዲያ ለምን አንሄድም? አንድ ጊዜ ተማሪ ይዤ ለመውጣት ፈቃድ ጠይቄ ነበር። ደብዳቤዬ ከአንድ ቢሮ ወደ ሌላ ቢሮ ሲንከባለል ሴሚስተሩ አለቀ። የመለሰኝ ክፉ ሰው አልነበረም። ጉብኝት የሚባል ነገር የትምህርት ካላንደሩ ላይ ስለሌለ ማን እንደሚፈርም የሚያውቅ ጠፋ። ወላጅ ገንዘብ ያዋጣ እንዳይባል ደግሞ አውቶቡስ መክፈል የማይችል ልጅ ክፍል ውስጥ ይቀራል። እሱን ጥሎ መሄድ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህ ነው። ለዘጠነኛና ለአሥረኛ ክፍል በዓመት አንድ የቅርስ ቀን ካላንደሩ ላይ ይግባ። ወጪው ከትምህርት ቤቱ በጀት ይሸፈን፣ የቅርስ ባለሥልጣንም የተማሪ መግቢያ በነጻ እንዲሆን ከየቦታው አስተዳደር ጋር ይነጋገር። ልጁ ያየውን ይለካ፣ ይሳል፣ የአካባቢውን ሽማግሌ ይጠይቅ። ከተከታታይ ምዘናው ላይ 10 ነጥብ ለዚህ ማስታወሻ ይያዝለት። ማስታወሻውንም በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲጽፍ ይፈቀድለት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ ነው የሚማረው፤ ግማሽ ጉልበቱ ቃል በመፈለግ ያልቃል። ሽማግሌው በጉራጊኛ ወይም በኦሮምኛ የነገሩትን በእንግሊዝኛ ጻፍ ማለት ነገሩን መግደል ነው።

ሁለተኛው ፈተናው ነው። መምህር የሚያስተምረው ፈተና የሚጠይቀውን ነው፤ ይህን እርስዎም ያውቁታል። በማሽን የሚታረም የምርጫ ጥያቄ ይሁን፣ እሱን አልቃወምም። ግን «ስንት ሜትር ነው?» ከማለት የሐውልቱን ፎቶ አትሞ «ሐውልቱ የእንጨትና የድንጋይ ቤትን እንደሚመስል የሚያሳየው የትኛው ክፍል ነው?» ማለት ይቻላል። አራት ምርጫ አለው፣ ማሽኑም ያርመዋል። አምስት እንዲህ ያሉ ጥያቄዎች በብሔራዊ ፈተናው ላይ ቢወጡ በቀጣዩ ዓመት አገር ሙሉ አስተማሪ ፎቶ ፍለጋ ይሮጣል።

ለፎቶውም ቢሆን አንድ ነገር ይደረግልን። ክፍላችን ውስጥ ስልሳና ሰባ ልጅ አለ፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ምስል የመዳፍ ግማሽ አያክልም። ፕላዝማው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አቧራ ጠጥቷል። በትልቅ ወረቀት የታተሙ ሃያ ያህል ጥሩ ፎቶዎች፣ ከእያንዳንዳቸው ጀርባ ሦስት ጥያቄ ያለባቸው፣ ለየትምህርት ቤቱ ቢደርሱ ይበቁናል። መብራት አይፈልጉም፣ ኢንተርኔት አይፈልጉም።

አገር አቀፍ መርሐ ግብር ይነደፍ፣ ኮሚቴ ይቋቋም እያልኩ አይደለም። ኮሚቴ ከተቋቋመ እኔ ጡረታ እወጣለሁ። በመጪው መስከረም አዲስ አበባ ውስጥ ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ተመርጠው በቡታጅራ መንገድ ይሞክሩት። ሥርዓተ ትምህርቱን የሚያዘጋጁት ባለሙያዎችም አብረውን አውቶቡስ ላይ ይውጡ። ትምህርት ቤታችን ፈቃደኛ እንዲሆን ርዕሰ መምህራችንን ማሳመን የእኔ ድርሻ ነው። የተማሪዎቹን የሥራ ወረቀት አዘጋጅቻለሁ፣ ጠይቁኝ፣ እልካለሁ።

መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የታሪክ መምህር
አዲስ አበባ