ሬጂናን ስለምወድበት ምክንያት

ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን። «ዋንስ አፖን ኤ ታይም» የተሰኘውን የቴሌቪዥን ድራማ ከጓደኞችሽ ጋር ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምረሽ እንደገና አይተሽ መጨረስሽን ስትነግሪኝ እጅግ ደስ ብሎኛል። በመልእክትሽ መጨረሻ ላይ ያነሣሽው ጥያቄ ግን በስልክ በጥቂት ቃላት የሚመለስ ሆኖ ስላላገኘሁት ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ወሰንሁ። የድራማው ክፉ ንግሥት ሬጂና ያን ሁሉ ሰው ገድላ ስታበቃ በመጨረሻው ክፍል ዘውድ ሲደፋላትና ሕዝብ ሲያጨበጭብላት ማየት በሟቾቹ ላይ ሁለተኛ ግፍ መፈጸም ነው ብለሻል፤ ከሁሉም ገጸ ባሕርያት አብልጬ እርሷን የምወድበትንም ምክንያት ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ ከባድ ነው፤ በሚገባው ክብደት ልመልስልሽ እሞክራለሁ።

ድራማው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2011 በኤቢሲ ቴሌቪዥን ሲጀመር የመጀመሪያውን ክፍል ወደ 13 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ተመልክቶታል። ብዙውን ተመልካች የሳበው የታሪኩ አነሣስ ነበር፤ የተረት ሰዎች በሬጂና እርግማን ማንነታቸውን ዘንግተው በአሜሪካ ሜይን ግዛት ውስጥ ስቶሪብሩክ በምትባል ትንሽ ከተማ እንደ ማንኛውም ሰው ይኖራሉ፤ የከተማዋም ሰዓት 8፡15 ላይ ቆሞ ቀርቷል። እኔን የያዘኝ ግን በዚያው ክፍል ያለ አንድ ትዕይንት ነው። ወልዳ አሳልፋ የሰጠችው ኤማ ስዋን የአሥር ዓመቱን ሄንሪን ወደ ቤቱ ስትመልሰው አሳዳጊ እናቱ ሬጂና እየሮጠች ወጥታ ታቅፈዋለች፤ ልጁ ግን እውነተኛ እናቱን ማግኘቱን ነግሯት ጥሏት ይገባል። ቁጣዋ ከመምጣቱ በፊት በተዋናይቷ በላና ፓሪላ ፊት ላይ የሚነበበው፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደገችው ልጅ በአንድ ቃል እናትነቷን የካዳት ሴት ድንጋጤ ነው። ወዲያው ራሷን ሰብስባ ኤማን አፕል ሳይደር የተባለውን የፖም መጠጥ ትጠጣ እንደሆነ ትጠይቃታለች፤ ተመልካቹም ፖሙን ሲሰማ በተረቱ ፖም የመረዘችውን ክፉዋን ንግሥት ያስታውሳል። እኔ ግን ያን ፊት አይቼ ስለነበር ከዚያ በኋላ እርሷን እንደ ክፉ ንግሥት ብቻ ማየት አልሆነልኝም።

የዚህች ሴት አመጣጥ ከድራማው በፊት የሚጀምር መሆኑን ማወቅ ይጠቅምሻል። ጀርመናውያኑ ተረት ሰብሳቢዎች፣ ወንድማማቾቹ ግሪሞች፣ የስኖው ኋይትን ተረት እ.ኤ.አ. በ1812 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያሳትሙ፣ በስኖው ኋይት ውበት የቀናችው ንግሥት የወለደቻት እናቷ ነበረች፤ የእንጀራ እናት የሆነችው በ1819 በወጣው እትም ላይ ነው። የወለደች እናት በልጇ ላይ ትጨክናለች ብሎ ለልጆች ማንበብ ሳይከብዳቸው አልቀረም። በእኛም ተረቶች ውስጥ ክፋቱ ሁሉ በእንጀራ እናት ላይ የሚደፋው በተመሳሳይ ምክንያት ይመስለኛል። በግሪሞቹ መጽሐፍ የንግሥቲቱ ፍጻሜ በእሳት የጋለ የብረት ጫማ ተጫምታ እስክትሞት ድረስ መጨፈር ነው። ኤድዋርድ ኪትሲስና አዳም ሆሮዊትዝ ድራማውን ሲፈጥሩ ይህችን ሴት የአንዲት ጨካኝ እናት ልጅ፣ የአንዲት ልጃገረድ የእንጀራ እናት፣ የአንድ ሕፃን ልጅ ደግሞ አሳዳጊ እናት አድርገው በሦስት ትውልድ መካከል አቆሟት። ከዚህ የበለጠ ብልህ ውሳኔ በሰባቱ ምዕራፎች ውስጥ አላየሁም።

አሁን ወደ ሟቾቹ ልምጣ። በአገራችን፣ በተለይም በገጠሩ፣ ደም የሚደርቀው ሽማግሌዎች ገዳዩንና የሟችን ወገን ፊት ለፊት አቅርበው፣ በደሉ ተነግሮ፣ ካሣው ተቆርጦ፣ የሟች ወገን ይቅርታውን በመሐላ ሲያጸና መሆኑን ከአያትሽ ሰምተሻል። እኔም ድራማውን ሳይ ዘወትር የምጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሟች ወገን ማን ነው? ተቀምጦስ ሰምቷል ወይ? በዚህ ሚዛን ስመዝነው፣ በሬጂናና በስኖው መካከል ያለው ደም የሁለት ወገን ደም ሆኖ አገኘዋለሁ። ስኖው ገና ልጅ ሳለች የሬጂናን ምስጢር ለሬጂና እናት ለኮራ በመንገሯ ኮራ የልጇን እጮኛ፣ የፈረስ ጠባቂውን ዳንኤልን፣ ልቡን በአስማት ከደረቱ አውጥታ ሬጂና ፊት አደቀቀችው። ሬጂና ሕፃኗን ይቅር ማለት አቅቷት ቂሙን ዕድሜ ልኳን ተሸከመችው፤ የስኖውንም አባት ንጉሥ ሊዮፖልድን በተንኮሏ አስገደለችው። በሁለተኛው ምዕራፍ ደግሞ ስኖው በሻማ ድግምት የኮራን ልብ መርዛ፣ ሬጂና ያንን ልብ በገዛ እጇ በእናቷ ደረት ውስጥ እንድትመልሰው አታለለቻት።

ኮራ ልቧ ከተመለሰላት በኋላ ያሉትን ጥቂት ቅጽበቶች ደግመሽ እንድታያቸው እለምንሻለሁ። ሥልጣንን ፈልጋ ልቧን ከራሷ አውጥታ ደብቃ የኖረች ሴት፣ ልጇን ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ልብ ትመለከታታለች፤ ፈገግ ትላለች፤ ሌላ ምንም ሳያስፈልጋት ልጇ ብቻ በበቃቻት እንደነበር ነግራት ትሞታለች። ሬጂና በዕድሜዋ ሁሉ ስትጠብቀው የነበረውን ቃል የሰማችው፣ የገዛ እጇ እናቷን በገደለበት ሰዓት ነው። ይህን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ወዲያ ወዲህ ማለት ግድ ይለኛል። ቀጥሎ ባለው ክፍል ስኖው ራሷ ወደ ሬጂና ቤት ሄዳ እንድትገድላት ትለምናታለች፤ ሬጂናም የስኖውን ልብ አውጥታ በላዩ የታየውን ጥቁር ነጥብ ካሳየቻት በኋላ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ሁለቱም ገዳዮች፣ ሁለቱም የሟች ወገኖች ሆነው ፊት ለፊት ቆሙ ማለት ነው። የኋላ ኋላ በመካከላቸው የተፈጠረው ወዳጅነት ርካሽ ይቅርታ አይደለም የምለው ስለዚህ ነው፤ ሁለቱም ምን እንደተደረገባቸውና ምን እንዳደረጉ አንዳችም ሳይደብቁ ያውቃሉ።

ከሁሉም በላይ ልታስረጂኝ የሞከርሽው በሦስተኛው ምዕራፍ ፒተር ፓን በሚገዛት የተረት ደሴት በኔቨርላንድ ያለውን ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ፒተር ፓን የሄንሪን ልብ ወስዶ፣ ሬጂናን፣ ኤማንና ስኖውን ጸጸት ያለበትን ሰው አስሮ በሚይዝ ዛፍ ያስራቸዋል። ሬጂና ግን እርግማን አውርዳ ሕዝብን እንዳጠፋች፣ ሰው እንዳሠቃየችና እንደገደለች በገዛ አፏ ከዘረዘረች በኋላ፣ ያ ሁሉ ልጇን ስላስገኘላት እንደማትጸጸት ተናግራ ማሰሪያውን ትበጥሳለች። አንቺ ይህንን የጭካኔዋ የመጨረሻ ማስረጃ አድርገሽ ወስደሽዋል። እኔም ንግግሩ አስደንግጦኛል፤ ይሁን እንጂ በዚያው ክፍል የሚታየውን የኋላ ታሪክ ከጎኑ አስቀምጪው። ሬጂና ሕፃኑን ሄንሪን ተቀብላ ስታበቃ፣ የወለደችው ሴት እርግማኗን የምትሰብረዋ ልጅ መሆኗን ትደርስበታለች፤ ሕፃኑን ለመመለስ እስከ ቦስተን ትሄዳለች፤ እዚያ ስትደርስ ግን መስጠት ያቅታታል። በመጨረሻም ፍርሃቷ እናትነቷን እንዳይመርዘው ያወቀችውን ነገር የሚያስረሳትን መድኃኒት ጠጥታ ልጁን ታሳድገዋለች። ይህ ገና ንስሐ አይደለም፤ ፍቅር ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ያስተማረችን መንገድ በንስሐ ጀምሮ በቀኖና በኩል ያልፋል፤ ደራሲዎቹ ግን ሬጂናን በፍቅር አስጀምረው ጸጸቱን ኋላ ቀስ እያለ እንዲያገኛት አደረጉ። አንዳንድ ሰው ወደ ንስሐ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ይመስለኛል፤ የሚሳሳለት ነገር ሲያገኝ ሌላው ሰውም የሚሳሳለት እንደነበረው መረዳት ይጀምራል።

ቀኖናዋን ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ተቀበለች። ሁለት ክፍሎች አለፍ ብሎ፣ በዚያው ምዕራፍ አጋማሽ፣ ከተማዋ በሙሉ በፓን እርግማን በጢስ ተውጣ ልትጠፋ ስትል እርግማኑን መመለስ የሚቻለው ሬጂና ሄንሪን ዳግመኛ ላለማየት ከፈቀደች ብቻ ነው። ፈቀደች። በዚህም አላበቃችም፤ ኤማ ሄንሪን አሳልፋ ሳትሰጥ ከተወለደ ጀምሮ አብራው እንደኖረች የሚያሳይ መልካም ትዝታ ለሁለቱም ሰጠቻቸው። በዚያ ትዝታ ውስጥ ሬጂና የለችም። የመጀመሪያ እርምጃውን፣ የትምህርት ቤቱን የመጀመሪያ ቀን፣ የታመመበትን ሌሊት፣ እናት የምታከማቸውን ነገር ሁሉ፣ በአንድ ወቅት በር ላይ ልጇን ለቀማቻት ሴት በፈቃዷ አስረከበች። እኔ የአንቺ እናት ነኝና ይህን ስመለከት ዋጋውን በቁጥር መናገር አልችልም፤ ከሞት የሚከብድ መሆኑን ግን አውቃለሁ።

በመጀመሪያው ምዕራፍ መጨረሻ ሄንሪን ከሞት እንቅልፍ ያስነሣውና እርግማኑን የሰበረው፣ ኤማ በግንባሩ ላይ የሳመችው የእውነተኛ ፍቅር መሳም ነበር። በሦስተኛው ምዕራፍ ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ አዲሱን እርግማን የሰበረው ደግሞ የሬጂና መሳም ነው፤ ያውም በግንባሩ ላይ። የወለደችውም ያሳደገችውም እናት ናቸው ብሎ ድራማው የፈረደው በእነዚህ ሁለት ትዕይንቶች ነው፤ ፍርዱንም በንግግር ሳያብራራ በሥራ በማሳየቱ አከብረዋለሁ።

እዚህ ላይ ግን አንቺ ትክክል የሆንሽበትን ልንገርሽ። ሬጂና ስኖውን ደብቃችኋል ብላ ያስፈጀችው መንደር አለ፤ በሁለተኛው ምዕራፍ ሬሳዎቹ ተከምረው አይተናል። የእነዚያ ሰዎች ወገን በየትኛውም ክፍል ቀርቦ ሲናገር አልሰማንም። ግሬሃምም አለ። ስኖውን እንዲገድል የተላከው፣ አዝኖላት የለቀቃት አዳኝ ነው፤ ሬጂና ልቡን ነጥቃ ፈቃድ የሌለው ሰው አድርጋ በእልፍኟ አኖረችው፤ ማስታወስ በጀመረበት ቀንም ልቡን አደቀቀችው። ከዚያ በኋላ ባሉት ምዕራፎች ስሙ የሚነሣው እምብዛም ነው። ይህ የድራማው ትልቁ ጉድለት ነው። ከሞቱም በኋላ ስለ ግሬሃም አንድ ሙሉ ክፍል መሥራት ይገባቸው ነበር፤ ሬጂናም በእርሱ ላይ ያደረገችውን በስሙ ጠርታ መናገር ይገባት ነበር። በስድስተኛው ምዕራፍ ከራሷ የተነጠለችውን ክፉ ንግሥት መግደል ትታ፣ ፍቅሯን ከእርሷ ጋር ተካፍላ ጨለማዋንም መልሳ ስትቀበል፣ ያለፈውን ሁሉ የራሷ አድርጋ እንደተቀበለች ይገባኛል። ነገር ግን ያም በራሷና በራሷ መካከል የተደረገ ዕርቅ ነው፤ የመንደሩ ሰዎች አላዩትም።

ስለዚህ ዘውዱን በተመለከተ ከአንቺ ጋር እስማማለሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 በተላለፈው 155ኛውና የመጨረሻው ክፍል፣ ሕዝቡ ራሱ መርጧታል ቢባልም፣ በአንድ ጊዜ ተሰብስቦ ያጨበጨበው ሕዝብ የሟቾቹን ድምፅ ሸፈነው። ሬጂና በሄንሪ እናትነቷና በስኖው ወዳጅነት ላይ ብትቆም ለእኔ ይበቃኝ ነበር።

ሰባተኛውን ምዕራፍ ያልወደድሁትም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። ታሪኩ ወደምንኖርባት ወደ ሲያትል መምጣቱ ደስ ሊያሰኘኝ በተገባ ነበር፤ ሬጂናም በመጠጥ ቤት ባለቤትነት መልካም ሆና ቀርባለች። ነገር ግን ስቶሪብሩክ ሆና የተቀረጸችው ስቲቭስተን፣ በካናዳ በፍሬዘር ወንዝ አፍ ያለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ለታሪኩ የምትሰጠውን ነገር ትልቅ ከተማ ሊሰጥ አይችልም። በስቶሪብሩክ በዳይና ተበዳይ አንድ ጎዳና ላይ ይተላለፋሉ፤ አንድ የግራኒ ምግብ ቤት ገብተው ቁርስ ይበላሉ፤ መሸሻ የለም። በትልቅ ከተማ ውስጥ ግን ሰው የበደለውን ሰው ሳያይ ዓመታት ሊኖር ይችላል። በዕረፍትሽ ስትመጪ ድንበር ተሻግረን ስቲቭስተንን ብናያት፣ በሞንክተን ጎዳና ላይ ብንራመድ፣ የምለው ይበልጥ ይገባሽ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል። ሬጂናን በዚህ ሁሉ ሚዛን ከመዘንሁ በኋላ፣ እኅቷን ዘሊናን በዚያው ሚዛን ላይ ሳስቀምጣት እጄ ይንቀጠቀጣል። የሮቢን ሁድን ሚስት ማሪያንን ገድላ፣ መልኳን ለብሳ፣ የሬጂናን ፍቅረኛ ሮቢንን አታልላ ልጅ የወለደችለት ሴት ናት፤ ያም ሆኖ ያቺን ሕፃን ከልቧ ትወዳታለች። ሬጂና ራሷ ይቅር ብላታለች፤ እኔ ግን እስካሁን አልቻልሁም፤ ሮቢን ሞቷልና ስለራሱ ሊናገር አይችልም። አንቺ እንዴት እንዳየሻት አስበሽ ጻፊልኝ።

የምትወድሽ እናትሽ