ለደንበኞቻችን፦ «ትልቁ ሰሃን አለ?» ለምትሉን

ይድረስ ለውድ ደንበኞቻችን
ባሕር ዳር

ጤና ይስጥልን። ብረት መፈለጊያ ልትከራዩ ስትደውሉ አብዛኞቻችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁን «ትልቁ ሰሃን አለ?» ብላችሁ ነው። ሰሃን የምንለው ከዘንጉ ጫፍ ያለውን ክቡን ነገር፣ ኮይሉን ነው። አለ። ግን ለጣና ዳርቻ ከሆነ እያመነታን ነው የምንሰጠው።

ጥፋቱ የእኛም ነው። ባለፈው በጋ አንድ ሙሽራ ፎቶ ሊነሳ ውሃው ውስጥ ገብቶ ቀለበቱ ከጣቱ ሾለከ። ወንድሙ ሲመጣ ባለ 15 ኢንቹን አስይዘን ላክነው። ቀኑን ሙሉ ቆርኪ ሲለቅም ውሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። በማግስቱ ባለ 6 ኢንቹን ይዘን አብረነው ሄድን። ቀለበቱ ከጉልበት በማያልፍ ውሃ፣ ደለሉ ውስጥ ሦስት ጣት ያህል ገብቶ ከአንድ የቢራ ቆርኪ ጎን ተኝቷል። ትልቁ ሰሃን ሁለቱን እንደ አንድ ነገር ሰምቷቸው ነበር። የመጀመሪያውን ቀን ኪራይ መለስንለት።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኮይሉ ውስጥ ያለው ጥቅል ሽቦ ማግኔታዊ መስክ ይፈጥራል፤ ብረት ሲያገኝ የሚመለሰውን ምላሽ ይሰማል። ሰሃኑ ሲሰፋ መስኩ ወደ ታች ይረዝማል፣ ግን ይሳሳል። ለመልሕቅ ወይም ለጀልባ ሞተር ጥሩ ነው። ቀለበትና ጉትቻ ግን እዚያ ውስጥ ይጠፋሉ። ሰፊ ሰሃን መሬቱንም አብሮ ይሰማል፤ የእኛ አገር ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ብረት ያዘለ ባዛልት ነው። ኢንተርኔት ላይ ጨዋማ ውሃ ማሽኑን ያሳስታል ተብሎ የሚወራውን ግን እርሱት፤ ጣና ጨው የለውም።

ከዚያ የውሃው ጉልበት አለ። ባለ 15 ኢንቹ ከዳር እስከ ዳር ወደ 38 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የገጹ ስፋት ከባለ 6ቱ ገጽ ከ6 እጥፍ ይበልጣል። ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ትንሽ ዘንበል ካለ እንደ መቅዘፊያ ውሃውን ይገፋል። ትከሻ ይዝላል። ትከሻው የዛለ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ሰሃኑን ከመሬት ያነሳል፤ ከፍ ባለ ቁጥር ከጥልቀቱ ይቀንሳል። ደንገልና እምቦጭ ባለበትማ ትልቁን አታስቡት፣ በሥሮቹ መሃል አይገባም።

አንድ ደንበኛችን ሰሃኑ እየተንሳፈፈ ቢያስቸግረው ጥቁር ድንጋይ በገመድ አሰረበት። ድንጋዩ በተወዛወዘ ቁጥር ማሽኑ ጮኸ። እባካችሁ፣ ክብደት ከፈለጋችሁ እኛን ጠይቁን።

እንግዲህ ለቀለበትና ለጉትቻ ከ6 እስከ 8 ኢንች ውሰዱ። የወደቀበትን ቦታ በደንብ ካላወቃችሁና ሰፊ ዳርቻ ማሰስ ካለባችሁ 11 ኢንች ይበቃል። ባለ 15ቱን የምንመክረው ትልቅ ብረት ለጠፋበት ባለ ጀልባ ብቻ ነው።

ሰሃኑ ውሃ ይችላል ማለት የማሽኑ መቆጣጠሪያ ሳጥንም ይችላል ማለት አይደለም፤ ስትረከቡ ጠይቁ። ገዳማቱ ባሉባቸው ደሴቶች ዙሪያ ለመፈለግ አናከራይም፤ ያለ ፈቃድ ቅርስ መፈለግ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ አለ፣ ሲመሻሽ አትግቡ። ቢልሃርዚያውንም አትርሱት፤ ረጅም ቦት ጫማ አብረን እናከራያለን።

ስትደውሉ ምን እንደጠፋ፣ ውሃው የት ድረስ እንደሚደርስና ከሥሩ አሸዋ ይሁን ደለል ንገሩን። ሰሃኑን አዘጋጅተን እንጠብቃችኋለን።

ከአክብሮት ጋር
የኪራይና የጥገና ክፍላችን