ፈረሶቻችን ለተጎዱ ወታደሮቻችንም ይድረሱ

ክቡር አዘጋጅ፣

እኛ ሰሜን ሸዋዎች ፈረስ አናጣም። ደብረ ብርሃን ላይ ጋሪ ይጎትታል፣ በጥምቀት ጉግስ ይጋለብበታል። ከጦርነት ተመልሰው ቤት የዋሉ ወታደሮችም አሉን። ሁለቱን ያገናኘ ሰው ግን አላየሁም።

በሌሎች አገሮች ግልቢያ ለቀድሞ ወታደሮች እንደ ሕክምና ድጋፍ ይሰጣል። ፈረስ ዝግ ብሎ ሲራመድ የጋላቢውን ዳሌ የሚያንቀሳቅሰው ሰው በእግሩ ሲሄድ እንደሚሆነው ነው። እግሩ የተጎዳ ሰው ወገቡንና ሚዛኑን ያጠነክርበታል። ዴንማርካዊቷ ሊዝ ሃርተል በፖሊዮ ከጉልበቷ በታች ሽባ ሆና፣ ሰው ደግፎ ኮርቻ ላይ እያወጣት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የብር ሜዳሊያ አግኝታለች።

ለእኔ ትልቁ ነገር አእምሮ ነው። ፈረስ ደንባራ ነው፤ የሰው ጭንቀት ቶሎ ይገባዋል። ወታደሩ ትንፋሹን ካላረጋጋ ፈረሱም አይረጋጋም። ሌሊት እየባነነ የሚያድር ወንድማችን እንዲህ ያለ ጓደኛ ቢያገኝ ምን አለበት? ሐኪምን አይተካም፣ ያግዛል እንጂ።

ቀኑን ሙሉ ጋሪ ሲጎትት የዋለ ፈረስ ግን ለዚህ አይሆንም። ገራም ፈረስ፣ ልጓም የሚይዝ የሠለጠነ ሰው፣ ከጎን የሚደግፉና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ያስፈልጋሉ። ሐኪሞቻችንና ፈረሰኞቻችን ይነጋገሩ። አንድ ሜዳና ጥቂት ፈረሶች ለመጀመር ይበቃሉ።

አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን