ለላውደን ካውንቲ የሱፐርቫይዘሮች ቦርድ፦ የዳታ ማዕከላት ጉምጉምታ በትክክለኛው ሚዛን ይለካ

ለተከበራችሁ የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት
ሊስበርግ፣ ቨርጂኒያ

እኔ ኢትዮጵያ ተወልጄ በአሽበርን ልጆቼን የማሳድግ የካውንቲው ነዋሪ ነኝ። ቦርዱ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2025 ባሳለፈው ውሳኔ፣ ዳታ ማዕከል፣ ማለትም ብዛት ያላቸው ኮምፒውተሮች ሌት ተቀን የሚሠሩበት ሕንፃ፣ ለመሥራት የቦታው ዞን (ለምን አገልግሎት እንደተመደበ) ብቻ በቂ መሆኑ ቀርቶ እያንዳንዱ ማመልከቻ የሕዝብ አስተያየት ተሰምቶበት በልዩ ፈቃድ እንዲታይ ማድረጉን በምስጋና ተቀብያለሁ። ሆኖም በዚሁ የደንብ ማሻሻያ ሁለተኛ ምዕራፍ የሚወጡት ዝርዝር መመዘኛዎች ከላሉ፣ ልዩ ፈቃዱ ጥሩ ጠበቃ የያዘ ሁሉ የሚያልፍበት በር ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

የግብሩን ጉዳይ አልዘነጋሁትም፤ ካውንቲው በተለይ በማዕከላቱ ውስጥ ካሉት የኮምፒውተር መሣሪያዎች የሚሰበስበው ገቢ የቤታችንን ግብር አቅልሎልናል። ስለ ሥራ ዕድል የሚነገረው ግን ልክ ሊበጅለት ይገባል፤ የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ምክር ቤት የኦዲትና የግምገማ ኮሚሽን በዲሴምበር 2024 ባወጣው ጥናት፣ 250,000 ስኩዌር ፊት ስፋት ያለው የተለመደ ማዕከል የሚያሠራው ወደ 50 ሰው ገደማ ነው።

ዋናው ጉዳዬ ድምፁ ነው። አገር ቤት ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው የሞተር ድምፅ አያስደነግጠውም፤ ወፍጮው ግን ሲመሽ ይቆማል። ከቤታችን ጀርባ ያለው ማዕከል ማቀዝቀዣዎች ሌት ተቀን ስለሚሠሩ፣ መስኮት ብንዘጋም ወፍራሙ ጉምጉምታ ግድግዳውን አልፎ አልጋችን ድረስ ይመጣል። ለማዕከሉ ኃላፊዎች አቤት ስንል ያገኘነው መልስ ልኬቱ ከተፈቀደው በታች ነው የሚል ነበር። መልሱ ሐሰት ላይሆን ይችላል። ዴሲቤል ኤ የሚባለው የተለመደው መለኪያ፣ የሰው ጆሮ ወፍራም ድምፅን በደካማው እንደሚሰማ ታሳቢ አድርጎ ያንኑ ድምፅ ቀንሶ ስለሚቆጥረው፣ እንቅልፍ የሚነሣን ነገር ወረቀቱ ላይ አይታይም። ዴሲቤል ሲ ግን ያን ያህል አይቀንሰውም። ከላይ የጠቀስሁት ኮሚሽንም የአካባቢ መስተዳድሮች ለወፍራም ድምፅ የሚስማማ መለኪያ በዞኒንግ (የቦታ አጠቃቀም) ደንባቸው ለመጠቀም ግልጽ የሕግ ሥልጣን እንዲያገኙ ሐሳብ አቅርቧል።

ስለዚህ አዲሱ መመዘኛ የድምፁን ወሰን በሁለቱም መለኪያዎች እንዲደነግግ፣ ልኬቱም በሌሊት፣ በነዋሪው አጥር ላይ ሆኖ እንዲወሰድ እጠይቃለሁ። ጎረቤታችን ፌርፋክስ ካውንቲ በሴፕቴምበር 2024 ባጸደቀው ደንብ ሕንፃውን ከመኖሪያ ይዞታ ወሰን 200 ጫማ ከማራቁም በላይ፣ የድምፅ ጥናቱ ከግንባታ በፊት ብቻ ሳይሆን ሕንፃው አገልግሎት ላይ ከዋለ በኋላም እንዲደገም አዟል። ፌርፋክስ የቻለውን፣ በዓለም ከየትም በላይ ማዕከላት የተከማቹበት ላውደን የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። ቀድሞ ሥራ የጀመሩትም ቢሆኑ ማስፋፊያ በጠየቁ ጊዜ በአዲሱ ልኬት ይመዘኑ።

መመዘኛው ለሕዝብ አስተያየት በሚቀርብበት ቀን ተገኝቼ ይህንኑ በቃል አስረዳለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአሽበርን ነዋሪ