ሮይ ሮጀርስ የወደቀው በበላተኛው ጥፋት አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው እትም ስለ ሮይ ሮጀርስ፣ ስለ አሜሪካኖቹ ፈጣን ምግብ ቤቶች፣ አነሳስና አወዳደቅ ያወጣችሁትን ዘገባ አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። አነሳሱ ላይ የምነቅፈው የለኝም፤ የሆቴሉ ኩባንያ ማሪዮት የመጀመሪያውን ቤት እ.ኤ.አ. በ1968 ቨርጂኒያ፣ ፎልስ ቸርች ውስጥ መክፈቱ፣ በ1982 ጂኖስ የተባለውን የፈጣን ምግብ ድርጅት ገዝቶ ብዙዎቹን ቅርንጫፎች ወደዚሁ ስም ማዞሩ ትክክል ነው። ያናደደኝ ደንበኛው ምግቡ ስለሰለቸው ፊቱን አዞረ የምትለዋ ዓረፍተ ነገር ናት።

ሰልችቶት ቢሆን ኖሮ፣ ማሪዮት በ1990 ከ600 የሚበልጡትን ምግብ ቤቶች በ365 ሚሊዮን ዶላር ሃርዲስ ለተባሉት የሃምበርገር ቤቶች ባለቤት ሸጦ፣ ገዢውም የቀድሞውን ምልክት እያወረደ የሃርዲስን ሲሰቅል የዋሽንግተንና የባልቲሞር ሰው እሰየው ባለ ነበር። ሰው ግን ተቆጣ፤ ቁጣውም ኩባንያውን ያወረደውን ስም መልሶ እስከ ማሰቀል አደረሰው። በሰለቸው ምግብ መጥፋት የሚቆጣ ደንበኛ እኔ አላጋጠመኝም፤ ዘጋቢያችሁ ካጋጠማቸው ቢያስተዋውቁን ደስ ይለናል። ስሙ ሲመለስ ጊዜው አልፎ ነበርና ቤቶቹ እየተከፋፈሉ ለማክዶናልድስ፣ ለዌንዲስና ለቦስተን ችክን ተላለፉ። ከሞት የተረፉትንም ቢሆን አላነሳችኋቸውም፤ የፍሬድሪክ ከተማው የፕላመንደን ቤተሰብ በ2002 የንግድ ስሙን ገዝቶ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ይህን የምለው ከሩቅ ሆኜ አይደለም። በሱዳን በኩል በስደት አሜሪካ ገብቼ መጀመሪያ የተቀጠርኩት ሮይ ሮጀርስ ነው። የሁዳዴን ጾም ሮስት ቢፍ በማሽን እያሳሳሁ ስቆርጥ፣ ደንበኛው ሰላጣውን፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ራሱ የሚደርብበትን ጠረጴዛ ስሞላ ነው ያሳለፍኩት (የሥጋው ሽታ ጾም ያስገድፋል ከተባለ አባቶችን መጠየቅ ይኖርብኛል)። ምልክቱ ከተቀየረ በኋላ በር ላይ ቆመው ሽቅብ እያዩ፣ ገብተውም «የድሮው የት ሄደ?» እያሉ የሚጠይቁን ሽማግሌዎች ነበሩ፤ መልስ የምንሰጠው እኛ ነበርን። በዘገባችሁ ግን ከባንኮኒው ጀርባ የነበሩት «የሰፈሩ ተማሪዎች» ብቻ ናቸው። የእኛ ሰው ሬስቶራንት ሲከፍት ሪባን ሲቆርጥ ፎቶ ለማንሳት ቀድማችሁ ትደርሳላችሁ፤ የመክፈቻውን ገንዘብ በማን ኩሽና፣ በስንት ሌሊት ሺፍት እንዳጠራቀመ ግን አንድም ቀን ጠይቃችሁ አታውቁም። በአማርኛ ለእኛ የሚታተም ጋዜጣ፣ ያውም ፎልስ ቸርችን በሚያህል ዛሬ እንጀራችንን በምንገዛበት ሰፈር ስለተጀመረ ድርጅት ሲጽፍ፣ አንድ ሐበሻ ሠራተኛ ፈልጎ ማነጋገር ይህን ያህል ይከብዳል?

እርማቱ በውስጥ ገጽ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን ዘገባው በወጣበት ገጽ እንዲታተም እጠይቃለሁ። ዘጋቢያችሁ ፈቃደኛ ከሆኑ በዚያ ዘመን አብረውኝ የሠሩትን ጓደኞቼን አገናኛቸዋለሁ፤ የምሳውን ሂሳብ ግን ጋዜጣው ይክፈል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ ሠራተኛ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ